ጠዋት ጠዋት ከረባቱን የሚያስረው ልጅ

ደብዳቤው፦

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ሦስት የስፌት መኪና ያላት ትንሽ ወርክሾፕ አለችኝ። እስካሁን የምሠራው የሠርግና የበዓል ልብስ ነበር። በቅርቡ አንድ ባንክ ለምሥረታ በዓሉ 300 የሐር ከረባትና 200 የሐር ስካርፍ ዲዛይን አድርጌ እንድሠራለት ጠየቀኝ። የሰጡኝ ጊዜ ስድስት ሳምንት ነው። ያነጋገረኝ የግዢ ሰው ሎጎው በትልቁ ከረባቱ ጫፍ ላይ ይሁን አለኝ፤ ከሩቅ እንዲታይ። ዋጋዬን ስነግረው ደግሞ ‹ሐር ይሁን አይሁን ማን ያውቀዋል? ብቻ ያብረቅርቅ። ደረሰኙ ላይ ሐር በይው› አለ። ሥራው በጣም ያስፈልገኛል። ብቀበለው ኅሊናዬን፣ ብተወው ኪሴን ሊጎዳኝ ነው። ከረባት ደግሞ በብዛት ሠርቼ አላውቅም። ምን ይመክሩኛል?

ሰ.፣ ከአዲስ አበባ»

እህቴ ሰ.፣

መጀመሪያ የከበደሽን ነገር እናንሳው። ሐር ያልሆነውን ሐር ብለሽ ደረሰኝ አትቁረጪ። ሰውዬው «ማን ያውቀዋል» ያለሽ በቃል ነው። ደረሰኙ ላይ የሚቀረው ግን የአንቺ ስምና ማኅተም ነው። ነገ ኦዲተር ቢጠይቅ እሱ «ሐር ብላ ነው የሸጠችን» ይላል። ያኔ አንቺ ምን ትያለሽ?

ደግሞም ይታወቃል። ክብሪት ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከጨርቁ ጠርዝ ሁለት ሦስት ክር ምዘዢና በወረንጦ ይዘሽ አሮጌ ሰሐን ላይ አቃጥዪው። ሐር ቀስ ብሎ ይነዳል። እሳቱን ስታርቂው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል። ሽታው የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ነው፤ ሐርም እንደ ፀጉር ፕሮቲን ነውና። የሚተርፈውን አመድ በጣትሽ ስታሺው ዱቄት ይሆናል። ፖሊስተር ግን ይቀልጣል፣ ይንጠባጠባል፣ ሲበርድ እንደ ጥቁር ጠጠር ይደርቃል። ይህን ሙከራ አንቺም ጨርቅ ከመግዛትሽ በፊት አድርጊው። ምክንያቱም አንቺንም «ሐር ነው» ብሎ የሚሸጥልሽ ሞልቷል። እኛ ጋ የሚያብረቀርቅ ጨርቅ ሁሉ ሐር ይባላል። ሳቲን ለምሳሌ የሽመናው ስም ነው፤ ከሐርም ከፖሊስተርም ይሸመናል። ለጥለት «ሐር» እየተባለ የሚሸጠውም ክር ብዙው ከትል የወጣ አይደለም።

እንዲህ ስልሽ ሥራውን ተዪው ማለቴ አይደለም። ለባንኩ ሁለት ፕሮፎርማ ጻፊ። በአንዱ ላይ «መቶ በመቶ ሐር» ብለሽ እውነተኛ ዋጋሽን አስቀምጪ። በሌላው ላይ «ፖሊስተር» ብለሽ በግልጽ ጻፊና ዋጋውን ዝቅ አድርጊ። ሁለቱንም ከነናሙናቸው ይዘሽ ሂጂ። ፖሊስተር ከረባት ዓለም ሁሉ ያስራል። በደንብ የተቆረጠ ጥሩ ፖሊስተር በግድየለሽነት ከተሰፋ ሐር ይሻላል። ይህን ያለ እፍረት ልትነግሪያቸው ትችያለሽ። እኔ እንዳየሁት አለቆቹ ሁለቱን በእጃቸው ሲዳስሱ ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ይገኛል። ካልተገኘም ቁጥሩን ይቀንሳሉ፣ ወይም ፖሊስተሩን በስሙ ይገዙሻል። በየትኛውም ተኝተሽ ታድሪያለሽ።

አሁን ወደ ዲዛይኑ። እዚህ ላይ ልቆይ፤ ምክንያቱም ከደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ሰው ጠፍቷል። ባንኩ አለ፣ ሎጎው አለ፣ የግዢ ሰውዬው አለ፣ አንቺ አለሽ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መስታወት ፊት ቆሞ ያንን ከረባት የሚያስረው ልጅ ግን የለም።

እርሳስ ከማንሳትሽ በፊት አንድ ቅርንጫፍ ሂጂና ወረፋ ይዘሽ ተቀመጪ። እኔ ባለፈው ዓመት ይህን ሳደርግ አንድ ካሸር አየሁ። የከረባቱ ጫፍ ብር መቁጠሪያው ማሽን ላይ እየወደቀ ሲያስቸግረው በሸሚዙ ሁለት ቁልፎች መሀል ሰገሰገው። አጠገቡ ያለችው ልጅ ስካርፏን ደጋግማ ወደ ትከሻዋ ትመልሳለች። ጎንበስ ባለች ቁጥር ይንሸራተትና የማኅተም መርገጫው ላይ ያርፋል። ጫፉ ሰማያዊ ቀለም ጠጥቶ ነበር። ሥራቸውን እየሠሩ ከልብሳቸው ጋር ይታገላሉ። ከመሠራቱ በፊት ማንም እንዳልጠየቃቸው ያስታውቃል።

እስቲ ሎጎውን ሰውዬው እንዳለው በትልቁ ጫፉ ላይ እናድርገው። ካሸሩ ሲቀመጥ ጫፉ ከባንኮኒው በታች ነው። ሲሰገስገው ሸሚዙ ውስጥ ነው። ኮቱን ሲቆልፍ ኮቱ ውስጥ ነው። ደንበኛው የሚያየው ከቋጠሮው ሥር ያለችውን አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ነው። «እንግዲያው እዚያች ስንዝር ላይ ይሁን» ካሉሽ ሌላ ጣጣ ይመጣል። አንዱ ረጅም ነው፣ ሌላው አጭር። አንዱ አንገቱ ወፍራም ነው። አንዱ ነጠላ ቋጠሮ ያስራል፣ ሌላው ድርብ። ለአንዱ ልክ ቋጠሮው ሥር የወጣችው ሎጎ ለሌላው ቋጠሮው ውስጥ ትገባለች፣ ወይም ሆዱ ላይ ትወርዳለች።

የሚያዋጣው ከሎጎው አንድ ነገር ብቻ መውሰድ ነው። ምልክታቸው ዛፍ ከሆነ ቅጠሏን፣ በር ከሆነ ቅስቷን፣ ሳንቲም ከሆነ ክቧን። እሷን ከአንድ ሳንቲ ሜትር አሳንሺና ከረባቱ ላይ ሁሉ ድገሚያት። ከሁለት ሜትር ሲያዩዋት ነጠብጣብ ናት። ቀረብ ያለ ሰው ደግሞ የባንኩ መሆኗን ይለያታል። ቋጠሮው የትም ቢያርፍ፣ ቁመቱ ምንም ቢሆን፣ ሁልጊዜ ትታያለች። የባንኩን ሙሉ ስም የምታስገቢበትም ቦታ አለ። ከረባቱን ገልብጪው። ቀጭኑ ጫፍ የሚሾልክባት ትንሽ ማቀፊያ አለች አይደል? ስሙን እዚያ አድርጊው። የግዢ ሰውዬውም ደስ ይለዋል፣ ለባሹም ደረቱ ላይ ማስታወቂያ አይሸከምም።

እኔ ሁሌ የምጠይቃት ጥያቄ አለች። ይህ ልጅ ቅዳሜ የወንድሙ ሠርግ ቢኖር፣ ማንም ሳያስገድደው ይህን ከረባት ያስረዋል? መልሱ «አያስረውም» ከሆነ ንድፉን እንደገና እሠራዋለሁ። ለባንኩም የሚበጀው ይኸው ነው። ሠርግ ላይ የታየ ከረባት መሳቢያ ውስጥ ከተቀበረው ይልቅ ስሙን ያነሳል።

ጥለት ማስገባት ማሰብሽ አይቀርም። ደስ ይለኛል፣ ግን ተጠንቀቂ። ሽሮ ሜዳ ሄደሽ ጥለት ያለው ጨርቅ ገዝተሽ ከረባት ልቁረጥ ብትዪ ጥለቱ ይሰበራል። ጥለት የሚሸመነው የነጠላውን ወይም የቀሚሱን ጠርዝ አስቦ ነው፤ ቀጥ ብሎ እንዲታይ። ከረባት ግን በሰያፍ፣ በ45 ዲግሪ ነው የሚቆረጠው። ስለዚህ የጥለቱን አንድ አልማዝ ወይም አንድ መስቀል ለብቻው አውጥተሽ እንደ አዲስ ንደፊው። እንደዚህ ያለች ነጠላ ምልክት ደግሞ ጨርቁ ላይ 45 ዲግሪ አዘንብላ መታተም ወይም መሸመን አለባት። ያኔ ነው ጨርቁ በሰያፍ ተቆርጦ ከረባት ሲሆን ቀጥ ብላ የምትቆመው። ይህን የረሳ ሰው የወደቀ ዛፍ ያለበት 300 ከረባት ያስረክባል።

ሰያፉን ለምን እንደማጠብቅ ልንገርሽ። ከረባት የሚለው ስም በመሠረቱ ከክሮኤሽያ ወታደሮች የመጣ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ አንገታቸው ላይ በሚያስሩት ጨርቅ ይታወቁ ነበር። ዛሬ የምናውቀው ከረባት ግን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው መልኩን ያገኘው። ጄሲ ላንግስዶርፍ የተባለ የኒው ዮርክ ከረባት ሠሪ ጨርቁን በሰያፍ ቆርጦ በሦስት ክፍል መስፋት ጀመረ። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ትንሽ ይሳባል፣ ከዚያ ወደ ቦታው ይመለሳል። ቋጠሮውም ያምራል፣ ቀጥ ብሎም ይወርዳል።

እኔ ይህን የተማርኩት በክፉ መንገድ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ለአንድ ሆቴል 80 ከረባት ሠራሁ። በሰያፍ መቁረጥ ብዙ ጨርቅ ይበላል። ለመቆጠብ ብዬ ቀጥ አድርጌ ቆረጥኩት። ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ሲታዩ ያምሩ ነበር። በሳምንቱ አስተናጋጆቹ አንገት ላይ እንደ ገመድ ተጠማዘዙ። አንዱ አስተናጋጅ እያወራኝ ከረባቱን በእጁ ያቃናል፤ ተመልሶ ይጠመዘዛል፤ እንደገና ያቃናል። ፊቱ እስከ ዛሬ አይጠፋኝም። ሰማንያውንም ሰብስቤ በራሴ ወጪ እንደገና ሠራኋቸው። ስለዚህ ዋጋ ከመስጠትሽ በፊት የወረቀት ቅዱን በትክክለኛው የጨርቅ ስፋት ላይ በሰያፍ ደርድሪና ስንት ከረባት እንደሚወጣ ቁጠሪ። በግምት አትሂጂ።

ስፌቱንም ቶሎ ላሳይሽ። ጥሩ ከረባት ካለሽ ጀርባውን ፍቺና እዪው፤ ከእኔ በላይ ያስተምርሻል። ውስጡ የሱፍ ጨርቅ አለ፤ እሱም በሰያፍ የተቆረጠ ነው። ቅርጹን የሚይዘው እሱ ነው። ጀርባውን ከላይ እስከ ታች የሚገጥመው አንድ ረጅም ክር ነው። ክሩ አይጠብቅም። መጨረሻው ላይ ትንሽ ትርፍ ይተውለታል፤ ከረባቱ ሲሳብ ክሩም አብሮት እንዲንሸራተት። ጀማሪ ሰፊ ይህንን ክር ጥብቅ አድርጎ ይሰፋውና በሁለተኛው ወር ይበጠሳል። ጠርዙን ደግሞ ካውያ አትጫኚበት። ክብ ብሎ መቆየት አለበት። በእንፋሎት ብቻ አቅኚው።

ቁመቱ በተለምዶ ከ147 እስከ 150 ሳንቲ ሜትር ነው። ስፋቱ 8 አካባቢ ይሁን። ታስሮ ሲያልቅ ጫፉ ቀበቶው ዘለበት ላይ ማረፍ አለበት። ረጃጅም ሠራተኞች ስንት እንደሆኑ ጠይቂና ለእነሱ 160 አድርጊላቸው። ጥበቃዎች ከረባት የሚያስሩ ከሆነ ደግሞ የሚታሰር አትስጫቸው። ሰው ይዞ ሊጎትተው ይችላል። ለእነሱ አንገት ላይ በመቆንጠጫ የሚያያዘው፣ ሲሳብ የሚላቀቀው ዓይነት ነው ደኅናው።

አንድ ትልቅ ነገር ደግሞ አለ፤ ባንኩም አስቦበት ላይሆን ይችላል። በእስልምና ንጹሕ ሐር ለሴት ይፈቀዳል፣ ለወንድ ግን አይፈቀድም። ከ300ው ወንድ ሠራተኛ ውስጥ ሙስሊሞች መኖራቸው አይቀርም። በበዓሉ ቀን ሁሉም ሲያስር አንድ ሰው ጓዳ ቆሞ «ምን ላድርግ» ብሎ እንዲጨነቅ አትፈልጊም። በትሕትና አንሺላቸው። ያንኑ ንድፍ፣ ያንኑ ቀለም በጥጥ ወይም በፖሊስተር ለይተሽ ልትሠሪላቸው ትችያለሽ። ከፊት ለፊት ሲታይ ልዩነቱ ብዙም አይጎላም። ሴቶቹ ጋ ደግሞ ሒጃብ የሚያደርጉ አሉ። 90 በ90 የሆነ ስስ ስካርፍ ለአንገት ይበቃል እንጂ ራስ ለመሸፈን ያንሳል፣ ያሳያልም። ለእነሱ ሰፋ ያለና የማያሳልፍ አድርጊ። ስንት እንደሚያስፈልግ ከሰው ሀብት ክፍል ጠይቂ።

ስለ ስካርፉ ክብደትም ልንገርሽ፤ ሻጮች እዚህ ላይ ነው የሚያታልሉት። የሐር ክብደት የሚለካው በሞሜ ነው። አንድ ሞሜ በካሬ ሜትር 4.3 ግራም ገደማ ነው። ለስካርፍ 14 ሞሜ ትዊል ጥሩ ነው። እንግዲህ አስቢው፤ 90 በ90 ስካርፍ በ14 ሞሜ ወደ 50 ግራም ይመዝናል። በ8 ሞሜ ግን 28 ግራም ብቻ ነው። የወጥ ቤት ሚዛን በቂ ነው። «14 ነው» ብሎ የሸጠልሽ ሰው ጨርቅ 30 ግራም ከመዘነ መልሺለት። ትዊል ያልኩሽም በምክንያት ነው። ሽመናው ሰያፍ ሸካራነት ስላለው እንደ ሳቲን አይንሸራተትም። ያቺ ልጅ የማኅተም ቀለም የነካባት ሳቲን አድርጋ ነው።

ጠርዙን በእጅ ጠቅልለሽ ልትሰፊ አስበሽ ከሆነ መጀመሪያ ቁጥሩን ሥሪ። አንድ 90 በ90 ስካርፍ ዙሪያው 3 ሜትር ከ60 ነው። እኔ አንዱን ከ40 ደቂቃ በታች ጨርሼ አላውቅም። ሁለት መቶው 133 ሰዓት ነው። አንዲት ሴት በቀን ስምንት ሰዓት ብትሰፋ 17 ቀን ገደማ ይፈጅባታል። ዓይኗም ይደክማል። ሁለት ጥሩ ሰፊዎች ካሉሽ ይቻላል። ከሌሉሽ በመኪና ስፊውና ልዩነቱን በፕሮፎርማሽ ላይ ግለጪ።

ጨርቁ ከየት ይምጣ ካልሽኝ፣ በዓለም ላይ ለዚህ ሥራ የታወቁት ጣልያን ውስጥ ኮሞ፣ እንግሊዝ ውስጥ ማክልስፊልድ ናቸው። ቻይና ውስጥ ደግሞ ሸንግዡ የከረባት ከተማ ትባላለች። የእኛም ሐር አለ። የጉሎ ቅጠል የሚበላው፣ ኤሪ የሚባለው የሐር ትል እዚሁ ይረባል፤ መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ሲያጠናው ቆይቷል። አዲስ አበባ ውስጥ በእጅ እየተፈተለ ይሸመናል። ሳባሃር የተባለው ድርጅት በዚህ ከሚታወቁት አንዱ ነው። የኤሪ ክር እንደ ጥጥ ተፈትሎ የሚወጣ ስለሆነ አያብረቀርቅም። ልስልስ ያለና ሙቀት ያለው ነው። ለስካርፍ እጅግ ያምራል። ለከረባት ግን ቋጠሮው ሊወፍር ይችላል። ለባንኩ ይህን ብታሳዪ እወዳለሁ። ለቦርድ አባላትና ለእንግዶች የሚሰጡት ሃያ ሠላሳ ስካርፍ ከዚህ ቢሆን ታሪክ ያለው ስጦታ ነው። ሁለት መቶውን ግን በስድስት ሳምንት በእጅ ፈትሎ ማድረስ አይሞከርም።

ስለ ጊዜው ካነሳን፣ ንድፉን ክሩ ውስጥ አሸምኖ ከውጭ ማስመጣት በስድስት ሳምንት አይታመንም። ማሸመኛው አለ፣ ጉዞው አለ፣ ጉምሩክ አለ። በዲጂታል የታተመ ሐር ይፈጥናል፤ እሱም ንድፉ በመጀመሪያው ሳምንት ከጸደቀ ነው። «በዓሉ ላይ የሚታዩትን 60 ሰዎች በቀኑ፣ የቀረውን ከወር በኋላ ላስረክብ» ብለሽ ጠይቂ። ብዙ ድርጅት ይህን ይቀበላል፣ ጠይቆት የሚያውቅ ሰው ስለሌለ እንጂ።

ቀለሙን «አረንጓዴ» ወይም «ሰማያዊ» ብሎ መነጋገር ጠብ ያመጣል። የፓንቶን ቁጥሩን ጠይቂ፤ ፓንቶን ለእያንዳንዱ ቀለም ቁጥር የሚሰጥ የቀለም መለያ ነው። ወረቀት ላይ ያለው ቀለም ሐር ላይ ሌላ ነው የሚሆነው፤ ሐር ብርሃን ስለሚያንጸባርቅ ይደምቃል። ናሙናውን በቀን ብርሃንም፣ ባንኩ ውስጥ ባለው መብራት ሥርም አሳዪያቸው። ሲስማሙ ናሙናውን ለሁለት ቁረጪው። በሁለቱም ቁራጭ ጀርባ ይፈርሙ። አንዱ እነሱ ጋ፣ አንዱ አንቺ ጋ ይቀመጥ። በርክክብ ቀን «ያየነው ይህ አልነበረም» ቢሉሽ ቁራጩን አውጪ።

የገንዘቡን በአጭሩ ልበል። ጨርቁን የሚሸፍን ቅድሚያ ሳትቀበዪ ጨርቅ አትግዢ። ለናሙና ለብቻው አስከፍዪ። ቫትና ዊዝሆልዲንጉን ሂሳብ የሚሠራልሽን ሰው አማክረሽ ዋጋሽን ስጪ፤ በኋላ ከትርፍሽ እንዳይቆረጥ። ከ300ው ላይ 15 ያህል ትርፍ ሥሪና በዋጋው አስገቢው። አዲስ ሠራተኛ ሲገባ ወይም ወጥ ሲፈስስ መጠየቃቸው አይቀርም። ያኔ እንደ አዲስ ብታሳትሚ ቀለሙ አንድ አይሆንም።

የመጀመሪያው ናሙና ሲያልቅ ለግዢ ሰውዬው ከማሳየትሽ በፊት ያ ቅርንጫፍ ተመለሺ። ለአንድ ካሸር ስጪውና አንድ ቀን ሙሉ አስሮት ይዋል። ማታ ስትቀበዪው ገልብጠሽ ጀርባውን እዪ። ክሩ ላልቶ ይሁን፣ ቋጠሮው የነበረበት ቦታ ተጨማዶ ይሁን፣ ጫፉ የማሽን አቧራ ነክቶት ይሁን ተመልከቺ። ከዚያ ልጁን አንድ ነገር ብቻ ጠይቂው፤ «ቅዳሜ ታስረዋለህ?» በዪው። የመለሰልሽን ጻፊልኝ።